በየመስኮቱ የቆመችው ልጅ

ልብስ ልትገዙ ስትወጡ በሱቁ መስኮት ውስጥ ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን አሻንጉሊት ፊት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይመስለኝም። ቀሚሱን እናያለን፣ ዋጋውን እንጠይቃለን፣ እናልፋለን። ያንን ፊት ግን አንድ ሰው ክፍል ዘግቶ፣ ጭቃ እያሸ፣ ከንፈሩን እንዲህ ላድርገው ወይስ እንዲያ እያለ ሲጨነቅበት ከርሟል። ይህን የምጽፈው ያ ሰው ትዝ እንዲላችሁ ነው። ተናድጄም ነው የምጽፈው፤ አልደብቃችሁም።

እኔ ለእነዚህ ሰው የሚያክሉ አሻንጉሊቶች ዊግ እሰፋለሁ። ራሰ በራ ጭንቅላት በጉልበቶቼ መሃል ይዤ መዋል ሥራዬ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን "ከኛ ሌላ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል" እያለ ያሾፍ ነበር፤ ኋላ ለመደው። ከሥራ ክፍሌ ቀጥሎ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ የእትዬ ክፍል ነው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ቀራጺ ናቸው። ፊቱን መጀመሪያ በጭቃ ይሠሩታል። ጭቃው ላይ ጄሶ አፍስሰው፣ ሲደርቅ አላቀው ፎርማውን ያወጣሉ። ከዚያ ፎርማው ውስጥ ፋይበር ግላስ ለብጠው ጭንቅላቱን ይሠራሉ።

ስማቸውን አይጽፉም። ጭቃው ሳይደርቅ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ዊግ በሚሸፍነው ቦታ አውራ ጣታቸውን ጫን ያደርጋሉ፤ በቃ። ያቺን የጣት ምልክት ከእሳቸውና ከእኔ በስተቀር የሚያውቃት አልነበረም። ዊግ የሚያጠልቅ ካልሆነ ማን የአሻንጉሊት ማጅራት ያያል?

ፊቶቹን ሁሉ ከሐሳባቸው ነበር የሚያወጧቸው፤ ከአንዷ በቀር። እትዬ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ሚጡ እንላታለን። ወጣ ገባ የምትል፣ ሣቅ የማይጠፋባት፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማትችል ኮረዳ። ሕፃን ሳለች የጆሮ ጌጧ ተይዞ የግራ ጆሮዋን ጫፍ ቀዶት ነበርና ትንሽ ስንጥቅ ቀርቶባታል። የላይኛው ከንፈሯ ደግሞ በአንድ በኩል ቀና ይላል፤ አንድ ነገር ልትናገር መጥቶባት የተወችው ነው የሚመስለው። አንድ ትልቅ የልብስ ቤት "እንደ ሌላው ያልሆነ ፊት ሥሩልኝ" ብሎ ሲያዛቸው እትዬ ልጃቸውን በርጩማ ላይ አስቀመጧት። "እማዬ፣ አፍንጫዬን ትንሽ አሳምሪልኝ እንጂ" ስትል፣ "ዝም በይ፤ አፍሽን ስታንቀሳቅሺ ሌላ ሰው ትሆኚብኛለሽ" ሲሉ፣ እኔ በግድግዳው ማዶ እስቅ ነበር።

አንዲት ጭንቅላት ብቻ ነበር ያወጡት። ሚጡ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ በመስኮቱ ፊት ቆማ ራሷን ስታስመስል መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ብዙም አልቆየች። ታመመች፣ ተኛች፣ ሞተች። ከቀብር በኋላ እትዬ መዶሻ አንሥተው የዚያችን ፊት ፎርማ አድቅቀው ጣሉት። "ካሁን በኋላ ማንም አያወጣትም፤ እኔም አላወጣትም" አሉኝ። በመስኮቱ የቆመችውን ግን ተዉዋት። ጄሶ ሊገዙ ሲወጡ በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ ትንሽ ቆም ይሉና ይሄዳሉ። ምን እንደሚሏት ጠይቄ አላውቅም።

ኋላ ያ ልብስ ቤት ተዘጋ። እትዬ አንድ ቀን ሲሄዱ መስኮቱ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ባለቤቱ መደርደሪያውንም መስተዋቱንም አሻንጉሊቱንም አንድ ላይ ለአንድ ነጋዴ ሸጦ ነበር። "ምን ይደረግ፤ የሸጥኩት ዕቃ ነው፤ የሆነ ቦታ ቆማ ይሆናል" አሉ እትዬ። በዚህ ተጽናኑ።

አሁን ደግሞ ስለ ገዢው ልንገራችሁ። ፈጣኑ ይሉታል። ዛሬ ያዘዙትን ነገ ስለሚያደርስ ነው። አሻንጉሊት ሠሪ ነኝ ይበል እንጂ ከተወለደ አንስቶ አንድ ፊት በእጁ ሠርቶ አያውቅም። የሰው ሥራ ይገዛል፣ እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባዋል፣ ጄሶ ያፈስበታል፣ ፎርማ ያወጣል፤ ከዚያ እስኪበቃው ያባዛል። በሙያው ውስጥ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ ቢሆን እኔም ይህን ያህል አልቃጠልም ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ተጫዋች ነው፣ ለቸገረው ይደርሳል፣ እናቱን ይጦራል። ይህን የምናገረው ነገሩ የክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጭንቅላት ይዞልኝ መጣ። "ለዚች ጥሩ ዊግ ስፊልኝ፤ አጭር፣ ጥቁር" አለ። እኔ እንደ ልማዴ ከማጅራቷ ጀመርኩ። ጣቴ ያቺን የአውራ ጣት ምልክት አገኛት። ገለበጥኳት። ሚጡ አየችኝ።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

"ሠራኋት።"

"አንተ?"

"ያው ገዝቼ ነው ያወጣኋት" አለ እየሣቀ። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ ተለዋወጠብኝ እኮ።"

"የማን ፊት እንደሆነች ታውቃለህ?"

"የአሻንጉሊት።"

ነገርኩት። ሣቁን ትንሽ ገታ አደረገ፤ ግን ወዲያው ትከሻውን ነቀነቀ። "ያሳዝናል፤ ነፍስ ይማር። እኔ ግን ምኑን ነው ያጠፋሁት? በገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ ነው። ፊት ደግሞ ፊት ነው፤ የማንም አይደለም።"

"ዋናዋስ የታለች?"

"ከፎርማው ስናላቅቃት ተሰነጠቀች። ጣልናት።"

ዊጉን አልሰፋልህም ብዬ አስወጣሁትና ለእትዬ ልነግር ወደ ቀጣዩ ክፍል ሮጥኩ። እትዬ ከውጭ ገብተው ነበር። የገዙት ጄሶ ደጃፉ ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል፤ እሳቸው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ሚጡን አየኋት" አሉኝ።

"የት እትዬ?"

"ከዳቦ ቤቱ ማዶ። ደንግጬ መንገድ ቀየርኩ። ፋርማሲው ጎን ስደርስ እዚያም አለች። በየሄድኩበት ትቀድመኛለች።"

ከዚያ በኋላ መንገዱ በእሷ ሞላ። ፈጣኑ እውነትም ፈጣን ነው። ሚጡ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ቆመች፤ የሌሊት ልብስ ለብሳ ቆመች፤ የአስተናጋጅ ሽርጥ ታጥቃ ቆመች። አንድ ጠዋት ከእትዬ ጋር ስንሄድ የሙሽራ ልብስ የሚያከራየው ቤት ቬሎ አልብሷት አየናት። እትዬ ቆሙ። ክንዳቸውን ይዤ ስጎትታቸው "ቆዪ፣ ቆዪ፣ ያምርባታል እኮ" አሉ። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸው ዓይናቸውም አልረጠበም። ከለቅሶው የበለጠ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የሚገርማችሁ፣ ሌላውም ሰው አልተመቸውም ነበር። አንዷ ባለሱቅ "ዕቃ ስሸጥ ከጀርባዬ አንድ ነገር ልትለኝ ያሰበች ይመስለኛል" ብላ ለአሻንጉሊቷ መነጽር አደረገችላት። የፈጣኑ ሠራተኞች ደግሞ በምሳ ሰዓት የተደረደሩትን ጭንቅላቶች ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚበሉት። እሱ ሲገባ "እናንተ ፈሪዎች!" እያለ መልሶ ያዞራቸዋል፤ በማግሥቱ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረው ያገኛቸዋል።

ጊዜው እየሄደ ሳለ አንድ ቀን እትዬ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አብዳለች እንዳትዪኝ። ልጄ እያነሰች ነው።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ጭንቅላቷ እያነሰ ነው። ፊቷም ወደ ልጅነት እየተመለሰ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ልክ በሞተችበት ዕድሜ ነበረች። አሁን ያቆሟት ግን ታንሳለች። በየጊዜው ታንሳለች።"

አእምሯቸውን ሐዘኑ ነካው ብዬ ሆዴ ባባ። ለማንኛውም ብዬ ሜትሬን ይዤ ወጣሁና፣ ከማውቃቸው ባለሱቆች ዘንድ ገብቼ አዲሶቹን ለካሁ። እትዬ ልክ ነበሩ።

ነገሩ ተአምር የለበትም። የፋይበር ግላስ ቅጂ ሲደርቅ ከፎርማው ትንሽ ይኮማተራል፤ በዓይን አይታወቅም። ፈጣኑ ዋናዋን ስለ ሰበራት፣ ፎርማው ባረጀ ቁጥር አዲሱን የሚያወጣው ከራሱ ቅጂ ላይ ነው። የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ። በየትውልዱ መጠኑ ይቀንሳል፣ መስመሩም ይደበዝዛል። የአፍንጫዋ ጫፍ ሟሙቷል፤ ጉንጯ ተሞልቶ ክብ ሆኗል፤ ቀና የምትለው ከንፈር ልትጠፋ ትንሽ ነው የቀራት። ምክንያቱን ለእትዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውማ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ሙያቸው ነው። ግን ማወቅ ምን ይጠቅማል? አንዲት እናት የሞተች ልጇ በየመስኮቱ ወደ ኋላ ስታድግ እያየች በምን ትጽናና?

የባሰው ገና ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን አልፎ ጭቃ የመምታት ድምፅ ሰማሁ፤ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ይመታል። ገባሁ። እትዬ ፊት እየሠሩ ያፈርሳሉ። ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል፤ አያዩትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሠሩት።

"ፎቶ ጠፍጣፋ ነው" አሉኝ። "ልጄን የሚያውቃት እጄ ነበር። ስትታጠብ ያጠብኳት፣ ስታለቅስ የጠረግኩላት፣ ስትሞት የከደንኳት በዚህ እጄ ነው። አሁን እጄ የሚያወጣው የመስኮቷን ልጅ ነው። እይ።" ያሳዩኝ ፊት አፍንጫው የሟሟ፣ ከንፈሩ የተደፈነ ነበር። "ጠፋችብኝ። የሷን ፊት የነሱ ፊት በላብኝ።"

ያኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ወገኖቼ፣ ስርቆት ሲባል የጎደለ ዕቃ ብቻ ነው የምንፈልገው። ከእትዬ ቤት የጎደለ ዕቃ አልነበረም። የተሰረቀው ግን በኪስም በሳጥንም የማይገባ ነገር ነው። በማግሥቱ ክንዳቸውን ይዤ ወደ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ወሰድኳቸው። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ቀልደኛ ግን ኮስታራ ሴት ናት። ሰማችን፣ ጻፈች፣ ፈጣኑንም አስጠራችው። እሱም አንዱን አዲስ ጭንቅላት ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

"ፓተንት አላቸው እሳቸው?" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ያስመዘገቡበት ወረቀት የታለ?"

"ፓተንት ለፈጠራ ነው" አለችው ባለሙያዋ። "ለአዲስ መሣሪያ፣ ለአዲስ አሠራር። እሱን ያላስመዘገበ አያገኘውም፤ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ይሄ ግን የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነው፤ የሚጠብቀው የቅጂ መብት ነው። ሠሪው በእጁ ከሠራው ቅጽበት ጀምሮ መብቱ የሱ ነው። ማስመዝገብ ለማስረጃ ይረዳዋል እንጂ መብቱን የሚሰጠው መዝገቡ አይደለም።"

"በገንዘቤ ገዛሁት እኮ!"

"ዕቃውን ገዝተሃል፤ ያንተ ነው። ብትፈልግ ሳሎንህ አቁመው፣ ብትፈልግ መልሰህ ሽጠው። የማባዛት መብት ግን አልገዛህም። መጽሐፍ የገዛ ሰው ሁሉ አሳትሞ ይሸጣል?"

"ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው።"

"ለዚህ ነዋ ወንበር ያጠረን" አለች፣ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እያሳየችው።

ፈጣኑ ግን አልተበገረም። ይህ ፊት የእሳቸው ሥራ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ፣ ሰው ሁሉ አፍንጫና ከንፈር አለው፣ ይመሳሰላል እያለ ቀጠለ። ባለሙያዋ ጭንቅላቱን ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አቆመችውና "ይህን እሳቸው ነክተውት ያውቃሉ?" አለችው።

"በፍጹም!" አለ አፉን ሞልቶ። "እኔ ቤት የተሠራ ነው፤ ደጄንም ረግጠው አያውቁም።"

እኔ ተነሥቼ ዊጉን ገፈፍኩት፤ ማጅራቱን ወደ ባለሙያዋ አዞርኩ። ያቺ ምልክት አለች፤ መስመሮቿ ቢደበዝዙም አልጠፉም። እትዬ ምንም ሳይናገሩ አውራ ጣታቸውን አስጠጉ። ለመግባት ትንሽ ጠበበች፤ ከልጅቷ ጋር እሷም አንሳለች። ባለሙያዋ የእትዬን ጣት በቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ አሳረፈችና በማጉያ መነጽር ሁለቱንም ደጋግማ አየች።

"ታዲያ ያልነኩት ነገር ላይ ጣታቸው እንዴት ደረሰ?" አለችው።

ፈጣኑ መዳፉን ሱሪው ላይ ሲጠርግ አየሁት፤ በዚያ እጁ ስንቴ ይዟት እንደነበር ትዝ ያለው መሰለኝ። ባለሙያዋ ሥራውን እንዲያቆምና የበተናቸውን እንዲሰበስብ፣ አለዚያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ነገረችው። እሱ ግን ደረጃውን ስንወርድ "ፍርድ ቤት ከሆነ ዓመት ይፈጃል፤ እናያለን" ብሎን ሄደ።

ይሁን እንጂ ሐሳብ ገብቶት ኖሯል። ከቀናት በኋላ እትዬ ዘንድ መጣ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እሰፋ ነበር።

"እትዬ፣ ከምንካሰስ እንስማማ። ፈቃድ ይስጡኝ። ያችን ፊት በውል ልሥራት፤ ድርሻዎን ይወስዳሉ።"

"ያችን አልሰጥህም" አሉት። "ሌላ ፊት ግን እሠራልሃለሁ። የወንድ። አንተ ቁጭ በልልኝና ያንተን ልሥራ።"

"የኔን?" አለ ጺሙን እየዳበሰ። "የኔ ፊት ይሸጣል ብለው ነው?"

"ፊት ፊት ነው አላልክም?"

ደስ አለው፤ ዝም የሚል ሰው አይደለምና እየቀለደ ተቀመጠ። እትዬ በእንጨት መለኪያቸው ግንባሩን ለኩ፣ አገጩን ለኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ፊቱን ሁሉ ዳበሱት። ቀልዱ እያጠረ ሄደ። ለበርካታ ቀናት ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ተቀመጠ፤ ኋላ ኋላ የሚሰማው የጭቃው ድምፅ ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ወጣች፤ ሲያፍር ወደ ታች የሚጎብጠው የአፉ ጥግ ወጣ። እኔ እንኳ አልፌ ስሄድ ጭቃውን "እንደምን ዋልክ" ልለው ይቃጣኝ ጀመር።

ሲያልቅ እትዬ ማቆሚያውን ወደ እሱ አዞሩት።

ፈጣኑ ተነሥቶ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ ጭቃው አየው። ወደ ቀኝ ሄደ፤ አየው።

"ስንት ላውጣ?" አሉ እትዬ።

ፈጣኑ እጁን ወደ ግንባሩ ጠባሳ ሰደደ።

"በየሱቁ አቆምሃለሁ። ፒጃማ ያለብሱሃል፣ የሙሽራ ሱፍ ያለብሱሃል፣ ሲፈልጉ ራቁትህን መስኮት ውስጥ ያሳድሩሃል። ስትሞትም ትቆማለህ። ካንተ ቅጂ ላይ ሌላው ያወጣል፤ ከሱም ላይ ሌላው። አፍንጫህ ይሟሟል፣ ዓይንህ ይደፈናል፤ አንተ ግን እዚያው ቆመሃል።"

"እትዬ… እናቴ በዚያ መንገድ ነው የምትመላለሰው" አለ።

"አውቃለሁ። እኔም በዚያ መንገድ ነው የምመላለሰው።"

"ያጥፉልኝ። በእናትዎ፣ እትዬ፣ ያጥፉልኝ።"

"ይሄ ሥራ የኔ ነው" አሉት ቀስ ብለው። "ላባዛውም ላላባዛውም የምችለው እኔ ነኝ። አየህ፣ የሰው ሥራ ላይ እጅህን ከማሳረፍህ በፊት መጠየቅ ማለት ይሄ ነው፤ አሁን እንደምትለምነኝ።" ከዚያ መዳፋቸውን ጭቃው ፊት ላይ አሳርፈው ገፉት። ጭቃው እጥፍ ሲል ፈጣኑ የራሱን ጉንጭ ያዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያስገድደው ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሰበሰባቸው። የገዙት ሲያጉረመርሙ በምትኩ ሌላ እየሰጠ፣ ሲሰድቡት ዝም እያለ። የእትዬን ግቢ ሞሏት። ሕጉ የተባዙት እንዲወገዱ ያዛል፤ ትክክልም ነው። ግን ማን ይስበራቸው? እትዬ መዶሻውን አንሥተው ቆሙና ክንዳቸው አልታዘዝ አላቸው። ፈጣኑ ከእጃቸው ወሰደው።

"ያበዛኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ ይግቡ።"

"አልገባም" አሉ። "ፊታቸውን ወደ መሬት ድፋቸው ብቻ።"

አንድ በአንድ ደፋቸው፤ ሰበራቸው። ፋይበር ግላስ ሲሰበር የሚያወጣው ድምፅ ደስ አይልም፤ አጥንት ይመስላል። በእያንዳንዱ ምት የእትዬ ትከሻ ይነጥር ነበር። ሲያልቅ "ልጄን የቀበርኳት አንዴ ነበር" አሉ። ፈጣኑ መዶሻውን ጥሎ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ነውር ነው ብሎ አልደበቀውም፤ እኔም አልናቅኩትም።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ እንተዋወቅ። የሰውን ዘፈን ገልብጠን እንሸጣለን፣ መጽሐፉን በፎቶ ኮፒ አባዝተን እንበትናለን፣ ባልደረባችን ዓመታት የደከመበትን የአሠራር ሚስጥር ወስደን ለተፎካካሪው እናቀብላለን። ሲጠይቁን "ምን ጎደለበት?" እንላለን። የሰው ሥራ ውስጥ ያለውን እኛ አናውቅም። የሞተች ልጅ ልትኖርበት ትችላለች፤ የወጣትነት ዕድሜ፣ ያልተነገረ ፍቅር ሊኖርበት ይችላል። ባለቤቱ ያውቀዋል፤ ሕጉም ስለዚህ ነው "እሱን ጠይቁ" የሚለን። መጠየቅ ምን ያህል ከባድ ነው? አንድ ቃል ነው። ሳንጠይቅ የለቀቅነውን ግን ተጸጽተንም እንኳ መልሰን መሰብሰብ አንችልም።

አንችልም ስላችሁ ምክንያት አለኝ። ፈጣኑ ዛሬ የእትዬ ደንበኛ ነው፤ አዲስ ፊት ያዛል፣ ውል ይፈርማል፣ ከተስማሙበት በላይ አንድም አያወጣም። ባለፈው ሰሞን ለአዲስ ውል መጥቶ ሳለ፣ ከሌላ ከተማ ዊግ ልትገዛ የመጣች ነጋዴ ተከትላኝ ወደ እትዬ ክፍል ገባች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሚጡን ፎቶ አይታ ቆመች።

"ይቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?" አለች። "እ! እኛ ከተማ ናት። የልጆች ልብስ ቤት መስኮት ውስጥ ያለችው አሻንጉሊት! ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው፤ ያችኛዋ ትንሽዬ መሆኗ ነው እንጂ። ስንጥቅ ጆሮዋ ሳይቀር። ሌላም ቦታ አይቻታለሁ፤ እዚያ የሚያወጣት ሰው አለ መሰለኝ።"

በዓይኔ ልጠቅሳት ሞከርኩ፤ አልገባትም። ፈጣኑ ብዕሩ እጁ ላይ ቀረ። እትዬ እስከዚያች ቀን ድረስ በየቀኑ ጭቃ ያሻሉ፤ የልጃቸው ፊት ግን አልወጣላቸውም ነበር። አሁን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ።

"ምን አልብሰዋታል?"

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየችን። "የትምህርት ቤት ዩኒፎርም" አለች። "ቦርሳም አንግተውላታል።"

"እንግዲህ ትምህርት ቤት ገብታለቻ" አሉ እትዬ፤ ፈገግ ብለው ነበር።

ፈጣኑ ውሉን ሳይፈርም ተነሣ። ኮቱን ለበሰ። "የሱቁን ቦታ ንገሪኝ" አላት ሴትዮዋን። "የሚያወጣት ሰው ማን እንደሆነም ንገሪኝ። ሄጄ ላናግረው።"